የራህመት ደቦ

ባለፈው ሰሞን ከቤቴ ጀርባ ባለው የአትክልት ጉልት በኩል ሳልፍ፣ ሁለት ወጣት ሴቶች አንድ እስር አረንጓዴ ቅጠል እየተቀባበሉ ሲያሸቱ አየሁ። አንደኛዋ አፍንጫዋን በሁለት ጣቶቿ ያዘችና፣

«ውይ! ትኋን ትኋን ይላል እኮ!» አለች።

ባለጉልቷ ቅር አላት። «ምን ትኋን አለ እዚህ? ድንብላል ነው። ሆቴሎቹ በጠዋት መጥተው ነው የሚሻሙት።»

«ድንብላልማ ፍሬ ነው!»

«እና ፍሬው ከሰማይ ይወርዳል?»

መንገድ ላይ ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ። ሴቶቹ ዞረው አዩኝና ፈጠን ብለው ሄዱ፤ ሽማግሌ ብቻውን ሲስቅ ማየት ደስ አይልም። ነፋሱ ከሐይቁ በኩል ይነፍስ ስለነበር የቅጠሉ ሽታ እስከቆምሁበት ድረስ መጣ። ያ ሽታ ለሌላው ምንም ይሁን፣ ለእኔ የእናቴ ግቢ ነው፤ የክረምት ጭቃ፣ የቆርቆሮ ጣራ ላይ የሚወርድ ዝናብ፣ ምግብ እንቢ ያላት አንዲት ሴት ነው።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ እዚሁ ባሕር ዳር ነው። ማትሪክ ሳይመጣልኝ ቀርቶ፣ ሥራም ሳይኖረኝ፣ እናቴ ቤት ተቀምጬ ግጥም እጽፍ ነበር። ማንም አላስተማረኝም። ከሲሚንቶ ከረጢት በቀደድሁት ወረቀት ላይ፣ ጆሮዬን ብቻ እያመንሁ ቤት ማስመታት ነው። አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም። ስንኙ እንቢ ሲለኝ ብስክሌቴን አንሥቼ ወደ ሐይቁ፣ ከሐይቁ በዘንባባው ጎዳና ወደ ገበያ፣ ከገበያ መልሼ ወደ ሐይቁ እላለሁ። በታንኳ እንጨት ጭነው የሚመጡትን ነጋዴዎች፣ ዓሣ የሚገፍፉትን ሴቶች፣ ሁሉን አያለሁ። በቀበሌ ስብሰባ ላይ ስለ አረንጓዴ ዘመቻ የጻፍሁትን አንብቤ ሞቅ ያለ ጭብጨባ አግኝቻለሁ። ያን ግጥም ስጽፍ በእጄ አንድ ዘር እንኳ መሬት ውስጥ ከትቼ አላውቅም ነበር። ይህን ከእናቴ በቀር ያስተዋለ ሰው አልነበረም።

በግቢያችን ያለችውን ሰርቪስ ቤት የተከራዩት ተማምና ሚስቱ ራህመት ነበሩ። ከጅማ ወዲያ ካለ ገጠር የመጡ ናቸው። ተማም ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ነበር። በዚያ ሰሞን «ለዘመቻ ትፈለጋለህ፣ የጦር መኪና ትጠግናለህ» ተብሎ ወደ ሰሜን ተላከ። የሚሄድ ዕለት የእናቴን እጅ በሁለት እጁ ይዞ፣ «እማማ ጥሩ፣ አደራ» አለ። እናቴ ጥሩነሽ ትባላለች፤ ተከራዮቿ ሁሉ እማማ ጥሩ ነው የሚሏት።

ራህመት ነፍሰ ጡር ነበረች። ከዚያ በፊት የፀነሰችው ወርዶባታል። አሁን ደግሞ ተማም በሄደ ሰሞን ምግብ ጨርሶ እንቢ አላት። የእኛን ሥጋ ሃይማኖቷ ስለማይፈቅድ እናቴ ሽሮውንም ምስሩንም ትሞክርላታለች፤ ሁለቴ ጎርሳ ወደ ጓሮ ትሮጣለች። ቀረሶ የሚባለውን የሐይቁን ዓሣ ጠብሰን ብንወስድላት፣ ሽታው ገና ከበሯ ሳይደርስ በነጠላዋ አፍንጫዋን ትሸፍናለች። ጉንጮቿ ጎደጎዱ። የጤና ጣቢያው ጤና ረዳት አይቷት እናቴን ለብቻዋ ጠርቶ፣ «ካልበላች እሷም ፅንሱም ያሰጉኛል። የሚያስፈልጋት መርፌ አይደለም፣ ምግብ ነው» አላት።

እናቴ ይህን በራሷ መንገድ ተረዳችው። በእሷ ዘንድ ነፍሰ ጡር ሴት ምግብ የሚዘጋት አንድ ያማራት ነገር ሲኖር ነው። ያ ካልተገኘ ሌላው አይወርድም። አምሮት ደግሞ ዝም ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም፤ የቤቱ ትልቅ ሴት ትጠይቃለች፣ የተጠየቀችው ትናገራለች፣ የሰማ ሰው ሄዶ ያመጣል። ይህን ሥርዓት ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እኩል ያውቀዋል። ስለዚህ አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጋብ ሲል እናቴ በርጩማዋን ይዛ ራህመት ደጅ ተቀመጠች።

«ልጄ፣ ምን አማረሽ? አትፈሪኝ።»

«ኧረ ምንም፣ እማማ ጥሩ።»

«ምንምን አላውቀውም። ተናገሪ፣ ጡር አታምጪብኝ።»

ራህመት አንገቷን ደፍታ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነችና የሆነ ነገር አለች። እናቴ ፊቷ በርቶ መጣች።

«አወቅሁት! ዳቦ ነው። ምስኪን፣ ዳቦ ነው ያማራት!»

በነጋታው ገና ሳይነጋ ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ቆምሁ። የዚያን ጊዜ ሰልፍ የሚያውቅ ያውቀዋል። ትኩሱን ዳቦ በሸሚዜ ውስጥ አቅፌ አመጣሁ። ራህመት አመሰገነች፣ ቆረሰች፣ አላመጠች፣ አልወረደም። እናቴ «የዳቦ ቤት ዳቦ ነውና ነው» ብላ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ድፎ ጋገረች። ግቢው በሙሉ በመዓዛው ታወደ። ራህመት ድፎውን አየችና አለቀሰች።

«ምን ዓይነት ዳቦ ነው ታዲያ ልጄ?» እናቴም ልታለቅስ ምንም አልቀራት።

«ዳቦ አይደለም እማማ ጥሩ። ደ... ቦ። ደቦ።»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች፤ እኔ ወደ እሷ። ደቦማ እኛም እናውቃለን። ገበሬው ጎረቤቱን ጠርቶ፣ ጠላ ጠምቆ፣ በአንድ ቀን እርሻውን የሚያሳጭድበት ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ምን የሚታጨድ እርሻ ኖሮሽ ነው ደቦ የምትጠሪ?»

ራህመት መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ሳቀች፤ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። ተነሥታ የእናቴን እጅ ይዛ ወደ እኛ ማድ ቤት ገባች። መደርደሪያው ላይ የተደረደሩትን የቅመም ጣሳዎች አንድ በአንድ እየከፈተች አሸተተች። ነጭ አዝሙዱን መለሰች፣ ጥቁር አዝሙዱን መለሰች። አንደኛውን ከፍታ ዓይኗን ጨፈነች።

«ይሄ ነው። በእኛ ቋንቋ ደቦ ማለት ይሄ ነው።»

ድንብላል ነበር።

«ግን ፍሬው አይደለም» አለች። «ቅጠሉ። አረንጓዴው። እናቴ ከቃሪያ ጋር ትፈጨዋለች።»

እናቴ ግራ ገባት። «ቅጠሉን? ያን ትኋን ትኋን የሚለውን?» ቶሎ ብላ ግን በእጇ አፏን ያዘች። የነፍሰ ጡር አምሮት አይነወርም።

ቀላል መስሎኝ ነበር። ብስክሌቴን ይዤ ከከተማው ዳር ወዳለችው ሰባታሚት ወረድሁና ገበሬዎቹን ጠየቅሁ። አንድ ሽማግሌ ከላይ እስከ ታች ካዩኝ በኋላ፣ «በክረምት ድንብላል? ዝናቡ ያበሰብሰዋል። እኛ ዝናቡ ሲያባራ ነው የምንዘራው» አሉኝ። ቅጠሉን ለምግብ እንደፈለግሁት ስነግራቸው ደግሞ ሚስታቸውን ጠርተው እንደገና እንድናገር አደረጉኝ።

ባዶ እጄን ስመለስ እናቴ በሩ ላይ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ጠበቀችኝ።

«እንግዲህ ይኸነው፣ በግጥምህ ‹ምድሪቱን እናልብሳት› ስትል ከርመሃል። በል አልብሳት። አብቅል!»

እንዲህ ሆነና ገጣሚው ገበሬ ሆነ። የእርዳታ ዘይት የመጣበትን ቆርቆሮ ጎኑን ቀድጄ፣ ሥሩን በሚስማር በስቼ፣ የጓሮ አፈርና የበሰበሰ ፍግ ሞላሁበት። ከእናቴ ጣሳ አንድ እፍኝ ድንብላል ወስጄ ዘራሁ። ዝናብ እንዳያሰጥመው ከጣራው ክፈፍ ሥር አስቀመጥሁት። ከዚያ መጠበቅ። ለድንብላል ቤት የሚመታ ቃል እንደ አሸን ነው፤ ይበቅላል፣ ይሻላል፣ ትበላለች ቢሉ እንኳ ትንሽ ጎተት አድርጎ ይሄዳል። ቆርቆሮው አጠገብ ተቀምጬ ግጥሙን ጨረስሁት። ድንብላሉ ግን አልበቀለም።

ሳምንታት አለፉ። ራህመት በቀጭን ሻይና በጥቂት ማር ነበር የምትኖረው። ማታ ማታ ወደ ቆርቆሮው መጥታ ጎንበስ ብላ ታያለች። አንድ ቀን እናቴ ትዕግሥቷ አልቆ አፈሩን በጣቷ ጫረችና አንድ ፍሬ አወጣች። እንደ ተዘራ ነው። በጥርሷ ነከስ አደረገችው።

«ወይኔ ጉዴ!» ደረቷን መታች። «ታምሷል እኮ! ነቀዝ እንዳይገባው አመስ አመስ አድርጌ አይደል ጣሳ የምከተው? የበሰለ እህል ነው ያዘራሁህ!»

ገበያ መሐል ሱቅ ወዳላቸው ወደ ቅመም ነጋዴው ወደ ሐጂ ሠይድ ሄድሁ። ጉዳዩን ስነግራቸው ከጆንያቸው አንድ እፍኝ ዘግነው በመዳፋቸው እያገላበጡ አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የከረመ ነው፤ ነቀዝም ነካክቶታል። ለወጥ ይሆንሃል፣ ለዘር ግን አልምልልህም። የእርጉዝ ነገር ነው፣ አላህ ይጠይቀኛል። ሐሙሲት ሂድ፤ ገበሬዎቹ ለዘር ያስቀመጡት አይጠፋም።»

ሐሙሲት በጎንደር መንገድ ነው፤ ለብስክሌት ረጅም ነው። ርቀቱ ግን አይደለም ያሳሰበኝ። የዓባይን ድልድይ መሻገር አለ፤ ድልድዩ ላይ ደግሞ ወታደር። በዚያ ጊዜ የእኔ ዕድሜ ወጣት፣ የተማሪ መታወቂያ ሳይዝ፣ ወደ ሰሜን አቅጣጫ መሄዱ ብቻ ያስጠረጥረው ነበር። ወይ ሸሽተህ አማፂዎቹን ልትቀላቀል ነው ይሉሃል፣ ወይ ጭነው ለውትድርና ይወስዱሃል። እናቴ ይህን ታውቅ ነበር። የገበያው ዕለት ጠዋት ቆሎ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝና ቶሎ ወደ ማድ ቤት ገባች።

ድልድዩ ላይ የቆመው ወታደር ቁመተ ረጅም፣ ዓይኖቹ እንቅልፍ ያጡ ሰው ነበር።

«ቁም! ወዴት ነው?»

«ሐሙሲት።»

«ምን ልትሠራ?»

«ድንብላል ልገዛ።»

ጠመንጃውን ከትከሻው ወደ ደረቱ አዞረው። «ታሾፍብኛለህ? ባሕር ዳር ድንብላል ጠፍቶ ነው ሐሙሲት የምትሄድ?»

«ለዘር ነው። ቅጠሉን ነው የምንፈልገው።»

«ቅጠሉን!» ወደ ጓደኛው ዞረ። «ስማ እንጂ፣ ቅጠሉን ነው ይላል። የከብት ነው ወይስ የአንተ ቀለብ?»

ጓደኛው ሳቀ። በስብሰባ ላይ እንደ ጅረት የሚወርድልኝ ቃል ሁሉ ጠፋኝ። የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ጎረቤታችን ነፍሰ ጡር ናት። ባሏ ዘምቷል። አምሯት ነው።»

ጠመንጃው ቀስ ብሎ ወደ ትከሻው ተመለሰ።

«አምሯት ነው?» አለ፤ ድምፁ የሌላ ሰው ሆነ። «እና ምን ቆመህ ታወራለህ? ሂድ!»

ፔዳሉን ልረግጥ ስል ክንዴን ያዘኝ። «የእኔዋም እንደዚያው ነበረች ስወጣ። ብርቱካን ነበር የምትል።» ከዚያ እጁን ከክንዴ አንሥቶ ወደ ውሃው ተመለከተ። «ሂድ፣ ሂድ። ስትመለስም እኔ ነኝ እዚህ።»

ሐሙሲት ገበያ ላይ አንዲት ሴት ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ የሰጠችኝ ድንብላል ወርቅ የመሰለ፣ ድቡልቡል ያለ ነበር። ስመለስ ወታደሩ ከሩቅ አየኝና ሳያስቆመኝ በእጁ ብቻ አሳለፈኝ።

ዘሩን ራህመት መዳፍ ላይ ሳፈስሰው አንድ ነገር ትዝ አላት። እናቷ ከመዝራቷ በፊት ፍሬውን በመዳፎቿ መካከል አሽታ ለሁለት ትገምሰው ነበር። ለምን እንደሆነ አታውቅም፤ ብቻ ድምፁ ትዝ ይላታል። ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ አሸችው። ቀጭ ቀጭ ይላል። ስትጨርስ እጆቿን ወደ ፊቷ አስጠግታ ደጋግማ አሸተተቻቸው። በዚያ ክረምት ማቅለሽለሽ ያልታየባት የመጀመሪያ ሰዓት ያ ይመስለኛል።

ይኸኛው በቀለ። መጀመሪያ ሁለት ሁለት ቀጫጭን ቅጠል ሆኖ ነው የወጣ፤ ሣር ይመስላል፤ እናቴ አረም ነው ብላ ልትነቅለው ስትል ደረስሁባት። ቀጥሎ ጠርዙ የተተለተለ፣ ዳንቴል የመሰለ ቅጠል አወጣ። በዚያን ሰሞን ከባድ በረዶ ጣለ። ቆርቆሮውን ተሸክሜ ወደ መኝታ ክፍሌ አገባሁትና በአልጋዬ ራስጌ፣ ከመስኮቱ ሥር አደረግሁት። ለእናቴ ሳልነግራት ቀረሁ፤ በረዶው ያበላሸውን ጣራ ለማሳደስ ስትሯሯጥ ነበር።

በነጋታው ከሐይቁ ስመለስ የጠፍር አልጋዬ ደጅ ወጥቶ ተገልብጧል። ብርድ ልብሴ አጥር ላይ ተሰጥቷል። ክፍሌ ውስጥ እናቴ መቀነቷን አጥብቃ፣ የሚፍለቀለቅ ውሃ በማንቆርቆሪያ ይዛ ግድግዳውን እያሸተተች ትዞራለች።

«አንተ ቆሻሻ! ይህን ሁሉ ትኋን አቅፈህ ነው የምትተኛ?»

«የምን ትኋን?»

«አይሸትህም? ቤቱ በሙሉ ትኋን ትኋን ይላል!» አፍንጫዋ እየመራት ወደ መስኮቱ ሄደች። ከደመናማው ቀን የተነሣ ክፍሉ ጨለም ያለ ነበር። ጎንበስ አለች። «ይኸው! ጎሬያቸው ይኸ ነው! አፈር ውስጥ ነው የተፈለፈሉት!»

ማንቆርቆሪያውን አነሣች። እኔ በር ላይ ነኝ፤ በመካከላችን የተከመረው ፍራሽ አለ። አፌን ስከፍት ከኋላዬ ጩኸት መጣ።

«ደቦ! ደቦ! እማማ ጥሩ፣ ደቦ ነው!»

ራህመት ናት። ያቺ ከሹክሹክታ በላይ የማትናገር ሴት ግቢውን አናጋችው። እናቴ እጇ አየር ላይ ቀረ። ከአጥሩ ወዲያ የጎረቤታችን የእትዬ ዘነቡ ድምፅ ተሰማ።

«ደቦ ነው የምትሉ? የማን ነው ደቦው? እንምጣ?»

እናቴ ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጠች። ቆርቆሮውን አየችው፣ ራህመትን አየቻት፣ ፍራሹ ላይ ቁጭ አለችና ሳቀች። እንባዋን በመቀነቷ ጫፍ እየጠረገች ሳቀች። ከዚያ ተነሥታ ማንቆርቆሪያውን ወደ በሩ አራቀችው፤ ከቆርቆሮው ምን ያህል ቀርቦ እንደነበር ያየች ያን ጊዜ ነው።

«ሌላ ቀን አንጠብቅ» አለች። «ቅጠሉ ለጋም ቢሆን ዛሬ ይበላ።»

ራህመት ዳር ዳሩን ቀጠፈች። ከቃሪያ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከጨው ጋር በድንጋይ ፈጨችው። እናቴ የበቆሎ ቂጣ ጋገረች፤ እኔ ከእትዬ ዘነቡ አይብ ለምኜ መጣሁ። ራህመት ቤቷ ገብታ ልትበላ ስትቀመጥ እናቴ እጄን ጎትታ ወደ ውጭ አዞረችኝ።

«አትያት። የተራበ ሰው ሲበላ አይታይም።»

ሁለታችንም ፊታችንን ወደ አጥሩ አድርገን ቆምን። ካፊያ ይጥላል። እናቴ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ማርያምን እየለመነች እንደሆነ አውቃለሁ። ወደ ጓሮ የሚሮጥ እግር እንጠብቅ ነበር። አልመጣም። ቂጣ ሲቆረስ ሰማን። ደግሞ ሲቆረስ ሰማን። ረዥም ጊዜ ከቆየ በኋላ ከውስጥ፣ ያፈረ ድምፅ፣

«እማማ ጥሩ... ቂጣው ሌላ አለ?» አለ።

እናቴ ዝናቡ ውስጥ እልል አለች።

ከዚያን ቀን በኋላ ሽሮውም ምስሩም ከአረንጓዴው ጋር ሲሆን ይወርድላት ጀመር። እኔ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ላይ ዘራሁ፤ ክፈፉ ሥር ቦታ ጠፋ። በበጋው ሴት ልጅ ተወለደች። ተማም እያነከሰ የተመለሰው ልጅቱ መዳህ ስትጀምር ነው፤ በር ላይ ቆሞ ማንን ቀድሞ እንደሚያቅፍ ጠፍቶት ነበር። በኋላ ወደ አገራቸው ሄዱ። እናቴ ቅጠሉን እስከ ዕለተ ሞቷ አልቀመሰችም። «እግዜር ለራህመት የፈጠረው ነው፤ ለእኔ አይደለም» ትል ነበር።

አንድ ነገር ግን ለወጠች። ሰርቪሷን ከራህመት በኋላ ብዙ ሰው ተከራይቶባታል፤ ከወለጋ፣ ከትግራይ፣ ከሐረር የመጣ። ነፍሰ ጡር ሴት በግቢው ሲኖር በርጩማዋን ይዛ ትሄዳለች። ግን «ምን አማረሽ?» ብላ አትጀምርም። «ያማረሽ ነገር በእናትሽ ቤት ምን ይባላል? ነይና አሳዪኝ» ነበር የምትል።

እኔ ከዚያ ወዲህ ብዙ ግጥም ጻፍሁ፤ አብዛኛውን ራሴም ረስቼዋለሁ። ከተማዋም ሰፍታ፣ ከየአገሩ የመጣ ሰው በየደጁ አለ። እንግዳ ቃል ስሰማ መጠየቅ ቀላል ነው፤ ማንም ይጠይቃል። እኔን የሚያስፈራኝ የማውቀው የሚመስለኝ ቃል ነው። አንድ ሰው አንገቱን ደፍቶ፣ ቀስ ብሎ፣ የማውቀውን ቃል ሲለኝ፣ ዳቦ ፍለጋ ከመሮጤ በፊት ቁጭ ብዬ፣ «እስቲ ድገምልኝ» እላለሁ።